ቁጥር የሌለው ብርድ

በዚያች አገር አንድ ሰው በረደኝ ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ነው። ቁጥር ከሌለው አልበረደውም። ነገሩ ከክፋት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። እኔም የሥርዓቱ ሠራተኛ ስለነበርኩ የማወራው ከውስጥ ሆኜ ነው።

ሥራዬ ተርጓሚነት ነበር። ከከተማዋ መሐል የንባብ አዳራሽ የሚባል ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። የመኪናው ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን እዚያ ያስገባል። አንባቢ የሚባለው ማሽን ከመሪው ሥር ይሰካና የብልሽቱን ቁጥር ያወጣል። እኔ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ፈልጌ በሰው ቋንቋ አነብና እፈርማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነበር። ለቦታው የተመረጥኩት ግን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳልተነፍስ ማንበብ በመቻሌ ነው፤ ፈተናውም እሱ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ መካኒክ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስለ እሱ እዚህ የምጽፈው ለነገሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

አንባቢው ማሽን አርጅቷል። መስታወቱ ስለደበዘዘ በቀን ብርሃን ቁጥሩ አይታይም። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በፊት የነበሩ አንድ ሹም የአዳራሹን መስኮቶች በሙሉ በጥቁር ጨርቅ አስጋረዱ፤ መኪና ከገባ በኋላም በሩ እንዲዘጋ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። ችግሩ የሚነበበው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከቆላ የመጡት ማቀዝቀዣችን እሳት ይተፋል እያሉ ይገባሉ። ከደጋ የመጡት ማሞቂያችን በረዶ ይተፋል እያሉ ይገባሉ። ሁሉም ሃያ አንድ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ።

በመጽሐፉ ላይ ሃያ አንድ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ "ፀሐይ አልተገኘችም።"

በየመኪናው ዳሽቦርድ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ሽምብራ የምታህል ጥቁር ነገር አለች። ሥራዋ ፀሐዩ ምን ያህል እንደበረታ ለመኪናው መንገር ነው፤ መኪናውም በዚያ መጠን ነፋሱን ያሞቃል ወይም ያቀዘቅዛል። ሃያ አንድ ቁጥር ሲወጣ አዳራሹ ሽምብራዋን ነቅሎ አዲስ ይተክላል። አዲሷም በተራዋ እዚያው ጨለማ ውስጥ ትጠየቃለች። እሷም ፀሐይ አላየሁም ትላለች።

ይህን ያህል መኪና እየተጠየቀ ፀሐይን አላየሁም ካለ ጥፋቱ ከመኪኖቹ ብቻ ሊሆን አይችልም ተባለና ስለ ፀሐይ መጥፋት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባል። አዳራሹ በመኪና ስለሚያዝ ስብሰባው ግቢ ውስጥ ነው፤ ፀሐዩ አናት ስለሚበሳ ለእያንዳንዱ አባል ዣንጥላ ተገዝቷል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ አባል ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ለመሆኑ ከጠፋች ስንተኛ ዓመቷ ነው?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልሳቀም። ጥያቄውን መዘገብኩ።

ከሃያ አንድ ቁጥር መስመር በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገር አለ። "መኪናው ጨለማ ቦታ ቆሞ ከተመረመረ ይህ ቁጥር ያለ ምንም ብልሽት ሊወጣ ይችላል።" ይህን ያየሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለአዳራሹ ሹም ለአቶ መንበሩ ማስታወሻ ጻፍኩ። አቶ መንበሩ ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጫማቸው ጨለማ ውስጥ እንኳ የሚያብረቀርቅ ሰው ናቸው። ማስታወሻዬን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ።

"ወይዘሮ አንጓች፣ ሥልጣንዎ ምንድን ነው?"

"ቁጥሩን አንብቤ መተርጎም ነው፣ ጌታዬ።"

"ቁጥሩ የተጻፈው በትልቁ ነው በትንሹ?"

"በትልቁ ነው።"

"እንግዲያ ትንሹን ያንብቡ ያለዎት ማን ነው?"

ማስታወሻውን አራት ቦታ አጠፉና ጎንበስ ብለው ከሚንቀጠቀጠው ጠረጴዛዬ እግር ሥር ወተፉት። ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴም ዝም ያለ ስለነበር ከሥራ ስመለስ ልዩነቱ አይታወቀኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ላቀው ልምጣ።

ላቀው የደጋው መስመር አውቶብስ ሹፌርም ባለቤትም ነው። ወደ ደጋ ከተሞች የሚወጣ ሌላ አውቶብስ የለም፤ ሌሎቹ ሜዳ ሜዳውን መርጠው ትተውታል። የአውቶብሱ ማሞቂያ ከሁለት ክረምት በፊት ሞቅ ያለ ነፋስ ማውጣት አቆመ። ላቀውም እንደ ማንኛውም ሕግ አክባሪ ወደ አዳራሹ አመጣው፤ ሃያ አንድ ቁጥር ወጣ፤ ሽምብራዋ ተቀየረች። ብርዱ ባሰ። እንደገና አመጣው፤ እንደገና ሃያ አንድ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ አልፈለገም ነበር፣ ምክንያቱም ሦስት ጊዜ ሃያ አንድ የወጣበት መኪና "ፀሐይ አባራሪ" ተብሎ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይፈርሳል። ይሁን እንጂ ለሦስተኛ ንባብ ማክሰኞ ጠዋት እንዲቀርብ በማኅተም ታዘዘ።

ማክሰኞ ሥራ ስገባ አውቶብሱ በሩ ላይ ቆሟል። ላቀው ጎማው ላይ ተደግፎ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ጣቶቹ በብርድ የተሰነጣጠቁ ሰው ነው። አጠገቡ አራት ጋቢ የደረበች ሴት የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

"እትዬ አንጓች፣" አለኝ፣ "ዛሬ እባክዎ ሌላ ቁጥር ያውጡልኝ። አሥራ ሁለትም ይሁን፣ ሠላሳም ይሁን፣ አልጠላም።"

"አነባለሁ እንጂ አላወጣም፣ ላቀው።"

"ይህ ከፈረሰ እኔ ምን ይውጠኛል? ከመሪ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። የደጋው ሰውስ በምን ይወርዳል?"

"በቂጡ እየተንሸራተተ ነዋ፣" አለች ሴትዮዋ።

"ወይዘሮ ዘርፌ ናት፣" አለኝ ላቀው አፈር ብሎ። "ሽንኩርት ትነግዳለች። ለብርዱ ምስክር ልሁን ብላ መጣች።"

"ሁለት ክረምት ሙሉ ከዚህ ሰውዬ ጀርባ ተቀምጫለሁ፣" አለች ዘርፌ። "ከወገብ በታች ያለኝን ነገር ባሌም እኔም ረስተነዋል። ይህን ልመሰክር ነው። እህቴ፣ የሚጻፈው አንቺ ጋ ነው?"

ቁጥር የሌለው ምስክርነት እንደማይመዘገብ ነገርኳት።

"እግሬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ እሱን ጻፊው፣" አለችና ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተከትላን ገባች።

አውቶብሱ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ያ አዳራሽ ሲዘጋ ሰው የገዛ እጁን አያይም። በስተጀርባ በኩል አፍራሾቹ መዶሻቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ ይሰማል። አቶ መንበሩ ከአውቶብሱ በር ሥር ቆሙ። ማሽኑ ተሰካ። እኔ መጽሐፉን ይዤ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ቆምኩ። አረንጓዴ ብርሃን ፈነጠቀና ሃያ አንድ ቁጥር ወጣ።

"ያንብቡ፣" አሉ አቶ መንበሩ።

"ፀሐይ አልተገኘችም።"

የላቀው ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፤ ሰው ከባድ ነገር አንስቶ የት እንደሚያስቀምጠው ሲጠፋው እንደሚተነፍሰው።

"ይፈርሙና ሰዎቹ ሥራቸውን ይጀምሩ።"

ፊርማ በጨለማ ስለሚጣመም ተርጓሚ በሚፈርምበት ጊዜ ብቻ የጠረጴዛ መብራት ማብራት ይፈቀድለታል። እኔ ሁልጊዜ የምፈርመው ጥግ ካለው ጠረጴዛዬ ሄጄ፣ ለመኪናዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። በዚህ ዓይነት በሦስተኛ ንባብ ላይ አርባ ሦስት ጊዜ ፈርሜአለሁ። አርባ ሦስቱም ፈርሰዋል።

"ጌታዬ፣" አልኩ፣ "ጉልበቴን ስላመመኝ መብራቱን ወደዚህ ያምጡልኝና እዚሁ ልፈርም።"

ጉልበቴን አላመመኝም ነበር።

አቶ መንበሩ ትንሽ አሰቡ። የሚከለክል መስመር ቢኖር ኖሮ ያስታውሱት ነበር። መብራቱ በረጅም ገመድ እየተጎተተ መጣ።

ባለቤቴ ዝግ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲመረምር አምፖል ጎትቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው ወደ ሽምብራዋ እያመለከተ፣ "እሷ ደግሞ ጨለማ ትፈራለች" ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር። በብዙ ነገር የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር።

መብራቱን አብርቼ ቅጹን የማስቀምጥበት ቦታ ለማግኘት ያህል ዳሽቦርዱ ላይ አኖርኩት። ከሽምብራዋ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ቅጹ "በፊርማው ቅጽበት ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር" የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ከልቡ አንብቦት አያውቅም። የማሽኑን ቁልፍ እንደገና ተጫንኩና ቁጥሩ እንዲታየኝ በነጠላዬ ጋረድኩት።

"ስንት ይላል?" አሉ አቶ መንበሩ።

"ዜሮ ዜሮ።"

"ዜሮ ዜሮ ምንድን ነው?"

መጽሐፉን ገለጥኩ። ገጹ ተከፍቶ ስለማያውቅ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። "ደህና፣ ይላል።"

ላቀው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። አቶ መንበሩ አውቶብሱ ላይ ወጥተው ነጠላዬን ገልጠው አዩ። "ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ልፈርም ነው፣ ጌታዬ።"

"መብራቱን ያንሱት።" አነሳሁት፤ ቁልፉን ሲጫኑ ሃያ አንድ አለ። "ይመልሱት።" መለስኩት፤ ዜሮ ዜሮ አለ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። አቶ መንበሩ ሞኝ ሰው አይደሉም። በሦስተኛው ላይ በአምፖሉ ብርሃን ፊታቸውን አየሁት፤ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

"ስንት መኪና አፍርሰናል?" አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አርባ ሦስት።"

መስኮቱ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ቀና ብለው አዩ። ለአንድ አፍታ ይቀዱታል ብዬ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይጻፉ፣ ወይዘሮ አንጓች። ዛሬ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ በአዳራሹ ያላሰለሰ ጥረት፣ ፀሐይ ተገኝታለች።"

አፍራሾቹ በጨለማው ውስጥ አጨበጨቡ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ፣" አለች ዘርፌ። "ለነገሩ እኔ ስገባ በር ላይ ቆማ ነበር። የእናንተ መሆኗን አላወቅኩም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ፀሐይ መገኘቷ በደወል ተነገረ። ኮሚቴው አልፈረሰም፤ ዳግም እንዳትጠፋ የሚጠብቅ ኮሚቴ ተባለና የዣንጥላ በጀቱ እጥፍ ሆነ። መጋረጃዎቹ እንዳሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ዳሽቦርድ ላይ የፊርማ መብራት እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ስለዚህ አሁን ከቆላም ከደጋም የሚመጣ መኪና ሁሉ ደህና ነው።

ላቀው "ደህና" የሚለውን ወረቀት ይዞ ከግቢው ወጣ። እኔም የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ወጣሁ። የባለቤቴ መቃብር ደጋ ላይ ነው፤ በብርዱ የተነሳ ሁለት ክረምት ሳልሄድ ቀርቻለሁ።

መናኸሪያ ስንደርስ ተሳፋሪዎች ገብተው አውቶብሱ ሞላ። ላቀው ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን ከፈተ። እጁን ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አድርጎ ትንሽ ጠበቀ፤ ነፋሱ እንደ በፊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። "ብርዱስ፣ እትዬ አንጓች?"

"እሱ ቁጥር የለውም።"

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ ማሽኑ አይነግርህም። የራዲያተሩን ውሃ መቼ ነው ያየኸው?"

ላቀው ነውር እንደተጠየቀ ሰው ተሳፋሪዎቹን በጎን አየ። የሞተሩ ኮፈን ከሁለት ክረምት በፊት በአዳራሹ ሰም ታሽጓል። ሰሙ ላይ "ቁጥር ያላዘዘው እጅ አይንካው" የሚል ማኅተም አለ። ማኅተሙ ተሰብሮ ከተገኘ አውቶብሱ ተመልሶ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ መብራት ይኑር አይኑር ከአፍራሾች እጅ አያመልጥም።

"ያን ሁሉ አልፌ አሁን ልፍረስ?" አለኝ።

"አንተ ነህ የምትወስነው፣" አልኩት።

"እኔም እኮ እዚህ አለሁ፣" አለች ዘርፌ።

ከተማውን ለቀን መንገድ ዳር ያለ ምንጭ አጠገብ ስንደርስ ላቀው አውቶብሱን ዳር አስያዘ። ሞተሩን እንዳጠፋ ረጅም ጊዜ መሪው ላይ ተደፍቶ ቆየ። ከዚያ ካቻቢቴ አውጥቶ ወረደ። ሰሙ ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ሆኖም አርባ ሰው ሰማው።

ወደ ማሞቂያው የሚሄዱ ሁለት የጎማ ቱቦዎች አሉ። በአንዱ ትኩስ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ይህን ባለቤቴ ያሳየኝ እጄን ይዞ ነው። ዘርፌ ጋቢዋን ወደ ላይ ሰብስባ መዳፏን በየተራ ቱቦዎቹ ላይ አሳረፈች። "ይቺ ትፋጃለች፤ ያቺ ግን የሞተች ናት።"

"እንግዲያ መሐሉ ተደፍኗል፣" አልኩ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ላቀው ሁለቱንም ቱቦዎች ፈታ፤ ተሳፋሪዎቹ በጀሪካን ውሃ እየተቀባበሉ አመጡ፤ በሚወጣበት በኩል ወደ ኋላ ጨመርንበት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ ቡናማ ጭቃ ጠብ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ተንዶ የዘርፌን ጫማ አለበሰው።

"ይኸው ፀሐያችሁ፣" አለች ጫማዋን እያራገፈች።

ውሃው እስኪጠራ ደጋግመን አጠብነው፤ ራዲያተሩንም ግማሽ ጎድሎ ስላገኘነው ሞላነው። ዳገቱን ስንጀምር ከቀዳዳዎቹ ለብ ያለ ነገር መጣ፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ሞቀ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። አንድ ሰውዬ ከኋላ፣ "የምን ሽታ ነው?" ብሎ ጮኸ። ሙቀት ነበር። ዘርፌ አንደኛውን ጋቢ አወለቀች፤ ቆይታ ሁለተኛውን።

"ሦስተኛውን ባወልቅ ትዳሬን ይነካል፣" አለችኝ።

ከዳገቱ ጫፍ የፍተሻ ኬላ አለ። ኬላው ድንኳን ነው፤ ነፋሱ ሊነቅለው ይታገላል። ተቆጣጣሪው ወጣ፤ የአፍንጫው ጫፍ ቀልቷል፤ ቅጽ ያለበትን ሰሌዳ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዟል። ኮፈኑን ዞሮ አየና ወደ በሩ መጣ።

"ማኅተሙ ተሰብሯል።"

ላቀው እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። "ተሰብሯል፣" አለ።

ሰውየው አንድ ደረጃ ወጣና ቆመ። የአውቶብሱ አየር ፊቱን ነካው። "ይህ ምንድን ነው?"

"ሙቀት ነው።"

"ቁጥሩ ስንት ነው? ቁጥር ካለው ማኅተሙ በቁጥሩ ተፈቷል ብዬ አሳልፋችኋለሁ። ቁጥር ከሌለው ወደ አዳራሹ ትመለሳላችሁ። ተርጓሚ አለ?"

አርባ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ላቀው ብቻ አልዞረም። ለመዋሸት አንዲት ቁጥር ትበቃኝ ነበር። ለአርባ ሦስት ሰው የማያስፈልጋቸውን ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ ለአንዱ የሚያስፈልገውን ብሰጥ ማን ይቀየመኛል? መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት።

"ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ቁጥር የለውም።"

ላቀው ዐይኑን ጨፈነ።

"እንግዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ ተቆጣጣሪው። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ በእርግጥ የቸገረው ይመስል ነበር። እርሳሱን የያዙት ጣቶቹ ጥፍራቸው ሥር ጠቁረዋል፤ እርሳሱ ሁለት ጊዜ አመለጠው።

"እጅህን እዚህ አስገባ፣" አልኩትና ቀዳዳውን አሳየሁት።

"ቅጹ እጅ አይልም።"

"አይልም።"

እኔን አየኝ፤ የድንኳኑን አቅጣጫ አየ። ከዚያ ሰሌዳውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ቀኝ እጁን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ለማረጋገጥ ያህል ነበር ያስቀመጠው፤ ግን አላነሳውም። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እሱ አልዞረም። ማንም አላጣደፈውም፤ ዘርፌ እንኳ አፏን ያዘች።

ትንሽ ቆይቶ ቅጹን ሳይሞላ ሰሌዳውን ላቀው ጭን ላይ አኖረና ሁለተኛ እጁንም አስገባ።